በአንድ በግ ሁለት ስለት

ጡረታ ወጥቶ ለደስታው ሲል የሚያርስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ። የመንዝ ገበሬ ገብሱን ይዘራል፣ የቀረውን ለፈጣሪ ትቶ ቤቱ ይገባል። እንደኔ ያለው፣ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ከፋይል ላይ አቧራ ሲያራግፍ ኖሮ በስተርጅና ጓሮ የገባ ሰው ግን እንዲህ ያለ እምነት ከየት ያመጣል? አንዲት ጎመን ጠወለገች ብሎ ምሳውን ይተዋል። በግ አነጠሰ ብሎ ሐኪም ያስጠራል። ጎረቤቶቼ "ጋሼ፣ ጎመኑ እንዴት አደረ?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም የዋሁ ቁም ነገር መስሎኝ በዝርዝር እነግራቸዋለሁ።

መሬቷ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ካለው ቤታችን ጀርባ ናት። አምስት በግ፣ ዘጠኝ ዶሮ፣ ሁለት መደብ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ መደብ ጥቅል ጎመን፣ የቀረው ድንች። ከበጎቹ አውራው አንድ ብቻ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦቃ እንለዋለን። ጠጉሩ መሬት ሊጠርግ ምንም ያልቀረው፣ ላቱ የተደላደለ፣ በር ሲከፈት ከሰው ቀድሞ የሚገባ ኩሩ በግ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ እወደዋለሁ። ባለቤቴ አስካለም ትወደዋለች፤ እሷ ግን የምትወደውን ነገር እየተቆጣች ነው የምትወደው።

በጥቅምት ውርጭ መጣ። የመንዝን ውርጭ የማታውቁ ካላችሁ፣ ማታ ለምለም ሆኖ የተኛውን ማሳ ጠዋት የተቀቀለ አስመስሎ የሚያስረክብ ጉድ ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እርጥብ ጭድና ኩበት ለኮስኩ፤ ጭስ ውርጭ ይከላከላል የሚለውን ከስልኬ ላይ ነው ያየሁት። ጭሱ ወደ ድንቹ በመሄድ ፈንታ ወደ ዓይኔ መጣ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የጎረቤት ማሳ ነጭ ለብሶ ሳየው እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ "ጊዮርጊስ ሆይ፣ ይህን ድንች ብታተርፍልኝ ቦቃን እሰጥሃለሁ!" አልኩ። ስለት እንዲህ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ትሳሉና ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ታጣላችሁ።

ድንቹ ተረፈ። እኔ ግን አልተረፍኩም። ያ ብርድ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ጣለኝ። መርፌ ተወጋሁ፣ ፌጦ ጠጣሁ፣ ቃዠሁ። አስካለ ላቤን ስትጠርግልኝ እኔ በትኩሳት መሃል "ድንቹስ?" እላት ነበር አሉ። በስምንተኛው ቀን ተነሳሁና በቀጥታ ወደ መደቡ ሄድኩ።

ስለቱን ለአስካለ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ያለንን አንድ አውራ በግ ሳላማክርሽ ለድንች ሰጠሁት ልበላት? ኅዳር ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ እስኪደርስ ዝም ብዬ መጠበቅ መረጥኩ። ለቅዱስ የሚሰጥ በግ ከስቶ አይሄድምና ጠዋት ጠዋት ገብስ በጋቢዬ ደብቄ አበላው ጀመር። የሚገርመው፣ አስካለም አተላና ጨው ታቀርብለት ጀመር። እንዲህ አንጀቷ የራራለትን በግ ልወስድባት ነው ብዬ አዘንኩ። እሷም፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ገብሱን አይታ ስለ እኔ ልክ እንደዚሁ አዝና ኖሯል። በመሃል ቦቃ ወፈረ።

ኅዳር ሃያ አንድ፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ በማለዳ ስወጣ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦቃን በገመድ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"ወዴት ነው?"

"ማርያም። ስለት አለብኝ።"

"በዚህ በግ?"

"በዚህ በግ።"

"አስካለ፣ እሱ እኮ የጊዮርጊስ ነው!"

ገመዱን ያዝኩ፤ እሷም አልለቀቀችም። ምን ቢያስጨንቅሽ ተሳልሽ ብላት "የእኔና የእመቤቴ ጉዳይ ነው" ብላ ዘጋችኝ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስለት ማስቀረት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ በጉን ለአንዱ ብንሰጥ አንዳችን ቃላችንን በልተን ልንኖር ነው። ሌላ በግ ስጡ እንዳትሉኝ። ደህና ገበሬ "አንድ በግ" ብሎ ይሳላል። እኛ ግን ሁለታችንም በስሙ ጠርተን "ቦቃን" ብለናል።

ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ተክሌ ሄድን፤ ሦስታችንም፣ በጉ ጭምር። "ማን ቀደመ?" አሉ። እኔ በውርጩ ጠዋት፣ አስካለ ከሦስት ቀን በኋላ። አሸነፍኩ! ደረቴን ነፋሁ።

"ለምን ጉዳይ ነበር ታዲያ?"

"ለድንች" አልኩ ጮክ ብዬ።

"አንቺስ ልጄ?"

አስካለ ገመዱን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች መሬት መሬት አየች። "ለሱ ነው አባቴ" አለች። "ትኩሳቱ ሲያቃዠው ጊዜ።"

አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ለነፍሴ የሰጠችውን በግ እኔ ለድንች ሰጥቼው ተገኘሁ። "በቃ፣ ለማርያም ይሁን" አልኩ። አስካለ ደግሞ "ምን ሲደረግ! ቀድሞ የተገባውን የጊዮርጊስን እኔ አላስቀርም" ብላ ተነሳችብኝ። አባ ተክሌ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፈረዱ፤ ዛሬ ለማርያም ይሰጥ፣ እንደ ወጉ ጨረታ ሲወጣ እንግዛው፣ ከነገ ወዲያ ለጊዮርጊስ እንውሰደው። ማናችን እንደምንገዛው ግን አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ቦቃ ቅጥር ግቢው መሃል ቆመ። እኔ በወንዶቹ በኩል ሆኜ ዋጋ ጠራሁ። ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ጨመረ። ጨመርኩ። ጨመረ። ሌላው ተጫራች ከተወ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት መልስ ሲመልስልኝ የኖረን ድምፅ እንዴት አጣዋለሁ? ነገር ግን እፍረቱ እልህ ሆኖብኝ፣ ዛሬስ እኔ ልክፈል አልኩ። እሷም ለካ እንደዚያው ብላ ኖሯል። አባ ተክሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ላይ ያሉ መሰሉ። በመጨረሻ እኔ ገዛሁት፤ የማርያም ሰበካ ጉባኤ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሳልኛል።

በሃያ ሦስት ለጊዮርጊስ ስናስረክበው ግን ኪሳችን ባዶ ነበር። ለርቢ የሚሆን አውራ የሚፈልግ ከዘመሮ ከተማ የመጣ አንድ ሰው ተጫርቶ ወሰደው። ቦቃ ላቱን እያወዛወዘ ሄደ፤ ዞር ብሎም አላየን። ዓይኔን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁ። ለበግ አለቀሰ ብላችሁ ብትስቁ፣ ሳቁ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ መንገዱን እኩል አደረስን። ከዚያ አስካለ ድንገት "እኔ ታምሜ ቢሆን ኖሮ ምን ትሳልልኝ ነበር?" አለችኝ።

አሰብኩ። ቤት ከቀረን ነገር ሁሉ ልቤ የሚሳሳለትን ፈለግሁ።

"ድንቹን" አልኳት። "ሙሉውን።"

ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥላኝ ሄደች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት፤ መቼም በብርድ አይደለም።