ባላባት ያጣው የኪነት ቡድን

ለዚህ ስብሰባ መጠራት፣ በስብሰባው ላይ ለሆነው ሁሉና እኔም ጸሐፊ ሆኜ ለመቀመጤ ተጠያቂው የቡድኑ ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ሙላቱ ናቸው። ይህ አስቀድሞ እንዲታወቅ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ።

ቀን፦ እሑድ ሚያዝያ 17 ቀን 1974 ዓ.ም.
ቦታ፦ መርሳ፣ የቀበሌው አዳራሽ
ሰዓት፦ ለ8 ሰዓት ተጠርቶ 9 ሰዓት ከሩብ ተጀመረ። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ምሳ ላይ ነበሩ።

የተገኙ አባላት፦
1. ጓድ ደምሴ ሙላቱ፣ ሊቀመንበር። ከደሴ ተመድበው የመጡ።
2. ጓድ ሃፍተ ኣፅብሃ፣ ጨፋሪ። አያቱ ከትግራይ መጥተው ቆቦ የሰፈሩ፣ አባቱ ወልድያ ጨርቅ የሚነግዱ።
3. ጓድ ሀብቴ፣ ክራር መቺ። ድሮ ዲያቆን፣ አሁን ልብስ ሰፊ።
4. ጓድ አማን አብዱልጀሊል፣ ከበሮ መቺ። የውርጌሳ ገበሬ። ከበሮውን የለመደው ከመንዙማ ነው።
5. ጓድ ሁሪያ፣ ጨፋሪ። ሲሪንቃ የምርምር እርሻ ላይ በቀን ሥራ አረም የምታርም።
6. ሀጂራ፣ ጨፋሪ። በርበሬ ሻጭ፣ የዛሬዋ ጸሐፊ።

ያልተገኘች፦ ጓድ ዘይነባ፣ አራስ ስለሆነች።

ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በሰባት ሰው ነው። ጓድ ደምሴ በሊቀመንበርነትም በቅስቀሳ ኃላፊነትም ስለተገኙ እንደ ሁለት ሰው ተቆጥረው ሰባት ሞልቷል።

ጸሐፊ መሆን የሚገባው ጓድ ሀብቴ ነበር። ነገር ግን እጅ ጽሑፉ የዳዊት መጽሐፍ ስለሚመስል ለአብዮታዊ ሰነድ አይሆንም ተባለ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ያላት ሀጂራ ትጻፍ ተብሎ ተወሰነ። ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም፣ አስተያየትም አይሰጥም የሚለው የተነገራት ብዕሩን ከተቀበለች በኋላ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አልተያዘለትም። ከሰፊ ውይይት በኋላ እንዳለ ጸደቀ።

አጀንዳ ሁለት፦ የአባላትን የመደብ አመጣጥ መመርመር

ሊቀመንበሩ ሲያስረዱ፣ ሚያዝያ 23 ወልድያ ላይ በሚደረገው የአውራጃ የኪነት ውድድር ቡድናችን አንድ የጭፈራ ተውኔት እንደሚያቀርብ አስታወሱ። ተውኔቱን ሁሉም ያውቀዋል። ገበሬው ያርሳል። ጭሰኛዋ ሲሶውን እህል በስልቻ አዝላ ወደ ባላባቱ ግቢ ትወስዳለች። ከበሩ ላይ ትንበረከካለች፣ እህሉ በባላባቱ ቁና ይሰፈራል፣ ባዶ ስልቻዋን ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ አብዮቱ ይፈነዳና ሁሉም ይጨፍራል። ይህን የጭሰኛዋን ጭፈራ ያወጣችውም፣ ሁለት ዓመት የተጫወተችውም ሀጂራ ናት። ወልድያ ላይ ለመጫወት ከቡድኑ ሁሉ ይልቅ የጓጓችው እርሷ መሆኗን ጸሐፊዋ ከቅርብ ታውቃለች።

ሊቀመንበሩ በመቀጠል፣ በሌላ ወረዳ የገበሬን ሚና የነጋዴ ልጅ ተጫውቶ ቡድኑ መተቸቱን ሰምቻለሁ አሉ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም የሚጫወተው በመደቡ ነው። ጭቁን ጭቁንን፣ ጨቋኝ ጨቋኝን።» የእያንዳንዱ የሕይወት ታሪክ ቅጽም በተራ ተነበበ።

ጓድ ሃፍተ ገበሬውን የሚጫወት ነበር። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ በመሆኑ ሞፈር እንዳይነካ ተከለከለ። ጓድ ሃፍተ በበኩሉ፣ «ባለፈው ውርጌሳ ላይ ስጫወት አንድ ሽማግሌ መድረክ ድረስ መጥተው፣ ልጄ ቀኙን በሬ አታጣድፈው ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ ይቀርባል?» ሲል ተከራከረ። ሊቀመንበሩ ሽማግሌው ቅጹን አላዩትም ሲሉ መለሱ።

ጓድ ሀብቴን በተመለከተ፣ ዲያቆን የነበረ ሰው ክራር ሲመታ የምን መደብ ይባላል በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ጓድ ሀብቴ፣ «በገና ብመታ ክሰሱኝ። ክራር የጠላ ቤት ነው» አለ። ሊቀመንበሩ ጠላ ቤት የሚውል ሥራ ፈት ሉምፐን ይባላል አሉ። ጓድ ሀብቴ ዲያቆን መባል ይሻለኛል ሲል ክርክሩን ተወ። ክራሩ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የጓድ አማን ቅጽ ሲነበብ ሊቀመንበሩ ብድግ አሉ። ደሀ ገበሬ፣ አባቱ ደሀ ገበሬ፣ አያቱም ደሀ ገበሬ። እንዲህ ያለ ሰው እስከ ዛሬ ከበሮ ላይ መጣሉ አሻጥር፣ ሳቦታዥ ነው ብለው ዋናውን ገበሬ እንዲጫወት አዘዙ። ጓድ አማን፣ «ወላሂ እግሬ ለጭፈራ አይታዘዘኝም። ደሞ ስድስት ቀን ሳርስ ከርሜ በሰባተኛው መጥቼ እዚህም እረስ ትሉኛላችሁ?» ሲል አመለከተ። ተቀባይነት አላገኘም።

የሁሪያ ቅጽ፦ የቀን ሠራተኛ፣ ስለዚህ ወዛደር። በመርሳ የተገኘች አንዲት ወዛደር ስለሆነች ተጨበጨበላት።

የሀጂራ ቅጽ፦ በርበሬ ሻጭ፣ ስለዚህ ንዑስ ከበርቴ። ጸሐፊዋ በርበሬውን የምትሸጠው በስኒ እየሰፈረች መሆኑ ይመዝገብልኝ አለች። ሊቀመንበሩ «ሙቀጫና ዘነዘና አለዎት ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። አለኝ አለች። «እንግዲህ ጓድ ሀጂራ፣ የማምረቻ መሣሪያ ባለቤት ነዎት» አሉ። ጓድ ሃፍተ ዘነዘናው ተሰንጥቋል ብሎ ሊያግዛት ሞከረ፣ አልረዳትም።

የሊቀመንበሩ ቅጽም ተነበበ። የደሀ ገበሬ ልጅ ይላል። ያነበቡት ራሳቸው ናቸው፣ ያጸደቁትም ራሳቸው ናቸው።

አጀንዳ ሦስት፦ ሚናዎችን እንደ መደቡ መደልደል

ሀ) ገበሬው፦ ጓድ አማን እንዲሆን ተወሰነ። እንዲያሳይ ታዞ የመጥረጊያውን እንጨት እንደ እርፍ ይዞ ከአዳራሹ ጫፍ ተነሳ። መሀል ላይ ቆመ። ለምን ቆምክ ሲባል «በሬዎቹ ይረፉ» አለ። እንደገና ጀምሮ እንደገና ቆመ፤ ድንጋይ ያዘኝ አለ። ሌላኛው ጫፍ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ጓድ ሀብቴ በዚህ አካሄድ አብዮቱ የሚፈነዳው በሰኔ ነው ሲል ተቸ። ሊቀመንበሩ ዋናው ፍጥነት ሳይሆን አመጣጥ ነው አሉ። ጓድ ሃፍተ በምትኩ ከበሮ እንዲመታ ተደረገ። ከበሮ መቺ ከኋላ ስለሚቆም መደቡ አይታይም ተብሎ ነው። ሃፍተ ከበሮ መምታት አለመቻሉ አጀንዳ አልነበረም።

ለ) ጭሰኛዋ፦ ጓድ ሁሪያ እንድትሆን ተወሰነ። ሁሪያ፣ «እኔ ጭሰኛ ሆኜ አላውቅ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እትዬ ሀጂራ እያሉ እንዴት አድርጌ?» አለች። ወዛደርና ገበሬ ወዳጆች ስለሆኑ ትችያለሽ ተባለች። ስልቻውን አዝላ ስትሄድ ደህና ሄደች፤ እስክስታዋም ከጭነቱ ሥር ደህና ወጣ። ተንበርክካ እህሉ ተሰፈረ። ስትመለስ ግን ቀጥ ብላ፣ እየተፍለቀለቀች መጣች። ጸሐፊዋ ስትመለሽም ጎንበስ ማለት አለብሽ ብላ አረመቻት። ሁሪያ «ስልቻው ባዶ ነው እኮ እትዬ። ቀለለኝ፣ ለምን ልጉበጥ?» ብላ ጠየቀች።

ጸሐፊዋ ብዕሩን አስቀምጣ አንድ ጊዜ ሄዳ ተመልሳ አሳየቻት። ለዚያ ጊዜ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ሁሪያ፣ «እኔ ይሄን አልችለውም፣ ለርስዎ ይመለስ» ብላ ስልቻውን መሬት ላይ አስቀምጣ ነበር። ሊቀመንበሩ የመደብ አመጣጥ በችሎታ አይሻርም ብለው ስልቻውን አንስተው ለሁሪያ ሰጧት።

ሐ) ባላባቱ፦ እስከ ዛሬ ክራሩን አስቀምጦ የሚጫወተው ጓድ ሀብቴ ነበር። አሁን ግን በመመሪያው መሠረት ባላባቱን የሚጫወተው ከባላባት የተወለደ መሆን አለበት። ከባላባት የተወለደ ደግሞ በቡድኑ ውስጥ መኖር የለበትም። ከሰፊ ውይይት በኋላ ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ተረጋገጠ። ሊቀመንበሩ ቅጾቹን ሁለት ጊዜ ቢያገላብጡም አንድም ባላባት አጡ። ጓድ ሃፍተ፣ ወልድያ እስር ቤት የቀረ አንድ ባላባት ካለ ለቅዳሜ ብቻ በውሰት ይሰጠን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ቀልዱን መሆኑን ከጸሐፊዋ በቀር ያወቀ ያለ አይመስልም፣ ደብዳቤ ይጻፍ ተብሎ ተወስኗልና። ጓድ አማን፣ «መድረክ ላይ ቢያመልጠንስ ማን ይታሰራል?» ብሎ ሲጠይቅ ደብዳቤው እንዲቆይ ተደረገ።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ ለመናገር እጇን አወጣች። ጸሐፊ መናገር ትችላለች ወይ በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። የተናገረችውን ራሷ የምትመዘግብ ከሆነ ትችላለች ተባለ። ስለዚህ ተመዝግቧል።

ጸሐፊዋ የተናገረችው ይህ ነው። «ባላባት ፍለጋ ወልድያ ድረስ አትድከሙ። ግራዝማች ሙላቱ ከውርጌሳ በላይ ያለው መሬት ሁሉ የእርሳቸው ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሶ አግብቼላቸዋለሁ። በስልሳ አምስቱ ችጋር የማገባው ባጣ አስወጡኝ። በርበሬ መሸጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። በግቢያቸው ደሴ እየተማረ ለክረምት የሚመጣ ደምሴ የሚባል ልጅ ነበር። ቁናውን ሲሞሉ ቆሞ ያይ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም።»

ከአባላቱ መካከል ነገሩን ገና ዛሬ የሰማ አልተገኘም። ሊቀመንበሩ ጓድ አማንን፣ «አንተም ታውቅ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። ጓድ አማን፣ «የውርጌሳ ሰው ሆኜ እንዴት አላውቅ ጌታዬ? አልተጠየቅሁም እንጂ» ሲል መለሰ። ጓድ ሀብቴ እንግዲህ ባላባቱ ተገኝቷል ሊል ጀምሮ ሃፍተ በክርኑ ነካው።

ለአሥር ደቂቃ እረፍት ተደረገ።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ከእረፍት በኋላ ሊቀመንበሩ፣ ኪነት የሰፊው ሕዝብ ስለሆነች ከየት መጣህ አትልም ሲሉ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ሰው የሚመዘነው ዛሬ በሚሠራው እንጂ ትናንት በተወለደበት አይደለም አሉ። ከአንድ ሰዓት በፊት ይህን ቢናገሩ ኖሮ ጓድ አማን መጥረጊያ ይዞ ባልተንገላታ ነበር። ሁሉም ወደ ቀድሞ ሚናው ይመለስ ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ጭሰኛዋም ለሀጂራ ትመለስ አሉ። አባላቱ አጨበጨቡ። ጸሐፊዋም አጨበጨበች።

ሊቀመንበሩ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል አሉ። ስለ ግራዝማች የተጻፈው አንቀጽ ይሰረዝ። «እትዬ ሀጂራ፣ ይሄ ወረቀት አውራጃ ይሄዳል። አንድ መስመር ያስምሩበትና ወልድያ ላይ ይጨፍሩ። ካልተሰረዘ ግን ይህን ሚና ልሰጥዎ አልችልም» አሉ። ጸሐፊዋን አንቱ ሲሏት የኖሩ ናቸው፤ እትዬ ሲሏት ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሁሪያ፣ «በአላህ ይሰርዙት እትዬ። ደሞ ማን ሊያነበው?» አለች። ጓድ ሃፍተም ቢሰረዝም እኛ እናውቀዋለን አለ። ሁለቱም ለጸሐፊዋ አስበው ነው፣ አልተቀየመቻቸውም። ስልቻውን ስታየው ቆየች። ወልድያ ብዙ ሰው እንደሚኖርም አሰበች።

ከዚያ ለጉባኤው ይህን መለሰች። «ከግቢያቸው ስወጣ አባትዎ አንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አስነክተውኛል። ማንበብ አልችልም ነበር። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ፊደል የቆጠርኩት ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ እንዲያ እንዳልሆን ነው። ይሄን አልሰርዘውም።»

ከሰፊ ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጓድ ሃፍተ ወደ ሞፈሩ፣ ጓድ አማን ወደ ከበሮው ይመለሳሉ። ጭሰኛዋ ከተውኔቱ ትወጣለች። ጭሰኛ ከሌለች የሚሰፈር እህል ስለሌለ ባላባት አያስፈልግም። ባላባት ከሌለ የሚጣል ሥርዓት ስለሌለ አብዮቱም አይፈነዳም። ስለዚህ ገበሬው ከመጀመሪያ ጀምሮ በደስታ ያርሳል፣ በመጨረሻም ሁሉም ይጨፍራል። የማንም የመደብ አመጣጥ አልተመረመረም። ስብሰባው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ያልተደረገው ስብሰባ 12 ሰዓት ከአሥር ላይ ተበተነ።

ሊቀመንበሩ አልፈርምም ብለዋል። እኔ በሙሉ ስሜ፣ በብዕር፣ አንብቤ ፈርሜያለሁ። ስልቻው የራሴ ስለሆነ ይዤው ሄጃለሁ። ከእንግዲህ ለግራዝማች ሙላቱም ሆነ ለልጃቸው፣ በእውነትም ሆነ በጨዋታ፣ እህል አልሸከምም።

ሀጂራ፣ ጸሐፊ