ማሽኑ ያወጣው መፈክር

ሰው ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው ወይ ይጠይቃል፣ ወይ ያጨበጭባል። በደርግ ጊዜ መጠየቅ መዘዝ ስለነበረው ብዙዎቻችን ማጨብጨቡን መርጠን ነበር። መዳፍ ቢያብጥ ይድናል። እናንተ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲመጣ ትበሳጫላችሁ። እኛ ግን ለአራት ማዕዘን ተነስተን ቆመናል።

ያኔ በቴፒ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ቡና እርሻ የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ በስብሰባ ቀን መፈክር አሰሚውም እኔ ነኝ፤ አንድ መስመር እላለሁ፣ ሰዉ ግራ እጁን እያነሳ ይደግማል። ቀላል ይመስላል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ግን የዓምናውን መፈክር በቃሉ አሰማና፣ «ወዳጅነታችን ይለምልም» ያላት አገር ለካ በመሃል ጠላት ሆና ኖሮ፣ ከመድረክ ወርዶ በቀጥታ እስር ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ እኔ ከወረቀት ውጭ እንደምን አደራችሁም አልልም።

ታዲያ በአንድ የለቀማ ሰሞን ለእርሻው ኮምፒውተር መጣለት። ለብቻው ክፍልና መጋረጃ ተሰጠው፤ እኛ በጋራ ነበር የምናድረው። አዲስ አበባ ሄዳ የሠለጠነችው የሸዋ ቤንች አገር ልጅ፣ ብርቱካን፣ ትነካዋለች፤ ሌላው በመስኮት ያያል። ለምርት ዘመቻው መክፈቻ መፈክሩ ራሱ በዲስኬት ተላከ። ካድሬያችንም «ከላይ የመጣ ነው፤ ቢበላሽ አሻጥር ነው» ብሎ አስጠነቀቃት። በዚያ ዘመን በአሻጥር ለተጠረጠረ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ መቋጠር ይጀምራል።

በስብሰባው ዕለት፣ ከአውራጃ የመጡት እንግዳ መድረክ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ ብርቱካን ከጀርባ መጥታ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችው። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት። አልፎ አልፎ አራት ማዕዘን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ኮፍያ ያጠለቀ የፈረንጅ ፊደል።

«ምንድን ነው ልጄ? ሩሲያኛ ነው?»

«ኧረ ምንም አይደለም ጋሼ! ማሽኑ የአማርኛ ፊደል አልተጫነበትም። የማያውቀውን ሁሉ እንዲህ ያደርገዋል።»

«ለካድሬው ንገሪው እንጂ!»

«ነግሬው ስታሰር እናቴን ማን ያስታምምልኛል? በሞቴ፣ የሆነ ነገር ይበሉ!»

«የሆነ ነገር ብልማ የምገባው እኔ ነኝ!»

ስሜ ተጠራ።

ወጣሁ። እውነቱን ብናገር ልጅቷ ትታሰራለች፤ ከራሴ ፈጥሬ ብል እኔ እታሰራለሁ። ግራ እጄን አነሳሁ። አፌ ግን እምቢ አለ። ሕዝቡ እንደለመደው እጁን አነሳ፤ ዝም ስል እሱም ዝም አለ። እንግዳው ግራ ተጋብተው ካድሬውን አዩት። ካድሬው ደግሞ ከፕሮግራሙ የማያውቀው ነገር እንዳለ ላለማሳየት ብድግ ብሎ እጁን አነሳ፣ አንገቱንም ደፋ። ለሰማዕታት የህሊና ጸሎት መሆኑ ነው። እንግዳውም ተነሱ።

አሁን ማን ያብቃው? ለሰማዕታት የተነሳ እጅ ቀድሞ የሚያወርድ ደፋር ከየት ይምጣ? እኔ ካድሬውን አያለሁ፣ ካድሬው እንግዳውን ያያል፣ እንግዳው እኔን ያያሉ። ፊት ለፊቴ የቆመች ቡና ለቃሚ፣ «ኧረ አውርደው አንተ ሰውዬ፣ ክንዴ ሞተ!» ብላ አንሾካሾከች።

«ለአብዮቱ ነው፣ ቻይው!» አልኳት በጥርሴ።

በመጨረሻ የገላገለን ዝናብ ነው። የቴፒ ዝናብ ስብሰባ አያከብርም። «ቡናው! ቡናው!» ተባለና የተሰጣውን ቡና ሸራ ለማልበስ ሁሉም ሮጠ። እንግዳውም ሳይቀሩ ሸራ ጎተቱ።

ከዚያ ኮታቸውን እየጨመቁ የካድሬውን እጅ ጨበጡ። «እንዲህ ልብ የሚነካ መፈክር አጋጥሞኝ አያውቅም» አሉ።

«በእኛ እርሻ የተለመደ ነው፣ ጓድ» አለ ካድሬው። ወረቀቱን አሳዩኝ ያለ አልነበረም። ብርቱካንም ማታ እናቷ ዘንድ አደረች።

በኋላ ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጥቶ የአማርኛውን ፊደል ጫነና ማሽኑ ዳነ። ቀጣዩ መፈክር ረዥም ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ወጣ፤ እያንዳንዷን መስመር ፀሐይ ላይ ቆመን ጮኽናት። ስንበተን ያቺ ለቃሚ ድምጿ ተዘግቶ ብርቱካንን ጠጋ አለቻት።

«እንደው ልጄ» አለቻት፣ «ያ ማሽን ደግሞ የሚታመመው መቼ ነው?»