ናላንዳ ላይ የሳምኩት ደጃፍ

«ሳምከው ወይስ አልሳምከውም? እሱን ብቻ መልስልኝ!»

«መዓዚ፣ ጡብ እኮ ነው።»

«ቪዲዮው ላይ ግንባርህንም አስነክተሃል!»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለንደን፣ ዌምብሊ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ በገዛ እህቴ የተከሰስኩበት ወንጀል ይኸው ነው። ደጃፍ መሳም!

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ።

ባለፈው ወር ህንድ፣ ቢሃር ነበርኩ። ፎቶዎቹን አይታችኋል፤ ላይክም አድርጋችኋል። ቦድ ጋያ ላይ ቡድሃ ብርሃን አገኘበት የሚባለውን ዛፍ አየሁ። በማግስቱ ናላንዳ ሄድኩ። የጥንት መነኮሳት ይማሩበት የነበረ ቦታ ነው። አሁን የቀረው ቀይ የጡብ ግንብ ብቻ ነው፤ ጣሪያ የለው፣ መዝጊያ የለው። ጠባብ ጠባብ ክፍሎች ተደርድረው ቆመዋል።

አንዱ ክፍል ልገባ ስል እግሬ ቆመ። ጫማዬን አወለቅኩ። ደጃፉን በግንባሬ፣ ከዚያ በከንፈሬ ነካሁት፤ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለሙት። ማንም አላዘዘኝም።

አብሮኝ የሚጓዘው ልጅ ቀረጸኝ። ቦድ ጋያ ዋናው መቅደስ ስልክ አያስገቡም። ምናለ ናላንዳም ቢከለክሉ!

ፖስት ያደረግኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ግጥም ጨምሬበት! የእማዬ ማኅበርተኞች ሼር አደረጉት። ግጥሙን ያነበበ የለም።

ነገሩ ለምን ከበደ? ነገ የመዓዛ ልጅ ክርስትና ይነሳል። የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ።

ነበርኩ ልበል?

«ለጣዖት የሰገደ ሰው ልጄን አያቅፍም» አለች መዓዛ። ልጁ እኮ ይሄኔ እጄ ላይ ተኝቷል!

ወደ እማዬ ዞርኩ። «እማዬ፣ ጣዖት አልነበረም። ተማሪ ቤት ነው። እኛ አገር የቆሎ ተማሪ ጎጆ እንዳለው፣ እነሱም እዚያች ክፍል ውስጥ...»

እማዬ እጇን አነሳች።

«መሳምህ አላስከፋኝም» አለች። «የተማሪ ቤት ክቡር ነው።»

መዓዛን በድል አየኋት። ቸኮልኩ!

«የአባትህ ሙት ዓመት ላይ ግን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመህ ቀረህ። ግባ ብልህ፣ ‹እዚሁ ይሻለኛል› አልከኝ። መሳለም ረስቷል ብዬ ተውኩህ። ለካ አልረሳህም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እስቲ እናንተው ንገሩኝ፤ በባስ የሚደረሰውን ደጃፍ ትቶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሰው አገር ጡብ የሚስም ምን ይባላል?

መዓዛም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ናቲ፣ ነገ ቄሱ ጸሎተ ሃይማኖት ሲያስደግሙህ፣ ‹አምናለሁ› ስትል፣ የምርህን ነው?»

የሕፃኑን ፊት አየሁ። በእንቅልፍ ልቡ ከንፈሩን ይጠባል። ስለዛፉ ጽፌያለሁ፤ ስለፍርስራሹ ጽፌያለሁ፤ ጡቡ ላይ ስላረፈችው እርግብ ሳይቀር ስንኝ ቋጥሬያለሁ። ለዚህ ጥያቄ ግን አንዲት ቃል አጣሁ። ገጣሚ ነኝ ባዩ!

«አላውቅም» አልኩ።

«አላውቅም ይባላል ቄስ ፊት?»

«ተይው» አለች እማዬ። «ቢዋሽ ይሻልሽ ነበር?»

ልጁን ከእጄ ወስዳ ለመዓዛ ሰጠቻት። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቦርሳዋን አነሳች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ክላፋም። የአክስትህን ልጅ ነገ ክርስትና አባት እንዲሆን ልለምነው።»

«ላድርስሽ?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ወጣች። በሩን እንኳ በንዴት አልወረወረችውም፤ ሕፃኑ እንዳይነቃ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።