የበረዶ ሞተር ሽምግልና

ያልነካውን ዕቃ የሚያሻሽል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ የካ ሚካኤል ሰፈር ሁለት እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች አሉኝ። አቶ ጉልላት አትክልተኛ ሆነው ከሚሠሩበት ኤምባሲ ባመጡት መጽሔት ላይ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ተራራ የሚወጣ ሞተር አይተው ለአቶ ቶላ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ ስለ መጪው ዓመት ሞዴል ሆነ።

«የሚመጣው ሁለት ሰው ጭኖ እንጦጦን ይወጣል» አሉ አቶ ጉልላት።

«በዚያ ሞተር? ገና ግማሹ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል» አሉ አቶ ቶላ።

በዚህ ተኳረፉ። እንጦጦ ላይ የሚጥለው በረዶ ወዲያው ቀልጦ ጭቃ እንደሚሆን ማን ያስታውሳቸው?

እኔና መምሬ አስራት ለሽምግልና ተቀመጥን። ነገሩ ግራ እንደገባን እስከ ምሳ ሰማንና «ሞተሩ ይጠንክር፤ የሚጭነው ግን አንድ ሰው ይሁን» ብለን ፈረድን። ይቅር ተባብለው ተሳሳሙ። ተገላገልኩ ብዬ ስነሳ መምሬ እጄን ያዙኝ።

«ቁልቁለቱንስ ልጄ? ፍሬኑ ይይዛል ብለህ ነው?»

«የአዲሱ ይይዛል፣ አባቴ።»

«አይይዝም» አሉ።

ይኸው አንነጋገርም። አቶ ጉልላትና አቶ ቶላ ሊያስታርቁን ደጄን እየጠኑ ነው። እኔ ግን አዲሱ ሞዴል ሳይወጣ አልታረቅም።