ሪፖርቱ ኮሎኔል የሆነበት ቀትር

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በሥራ ሰዓት። ሕልሙን ለማውራት የሚቸኩል ሰው አይደለሁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራዊት መኪና ስነዳ ያየሁትን ሁሉ አውርቼ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ምላሴ ባለቀ ነበር። ይህኛውን ግን ዝም ብዬ አልውጠውም።

የተኛሁት አንዲት የሳሳች ግራር ሥር ነው። ሁለት በርሜል ውሃ ጭነን ወደ ሀርዶላ እየሄድን ነበር። ሀርዶላ ላይ ዘጠኝ ወታደሮች አንድ ኮረብታ ይጠብቃሉ፤ ጉድጓዳቸው ከደረቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ጉተማ ከእኔ ጋር የሠለጠነ ሰው ነው። ልንነሳ ስንል በሬዲዮ፣ «የራዲያተር ውሃ አጣርተን እየጠጣን ነው፤ እሱም ከነገ አያልፍም» ብሎ ነበር።

አዛዤ ሻምበል አስናቀው አንድ ደረቅ ወንዝ ጋ ስንደርስ «አቁም» አሉኝ። ለመጠባበቂያ ከያዝናቸው ሁለት ስኮርታ ጎማዎች አንዱ ፈንድቶብናል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሰባ ኪሎሜትር ሙሉ ጎማ የሚበላ ጥቁር ድንጋይ ነው። «ከዚህ እንመለሳለን» አሉ። «አድርሰናል ብዬ እጽፋለሁ፤ አንተ ትፈርማለህ።»

«ውሃውስ ጌታዬ?»

«አሸዋው ይጠጣዋል።»

በእኛ ክፍል የአዛዥ ሪፖርት ብቻውን አይጸናም። ሹፌሩ የመኪናውን ኪሎሜትር መዝግቦ፣ ከሪፖርቱ ጋር መግጠሙን አይቶ መፈረም አለበት። አልፈርምም አልኳቸው። እሳቸውም አልተቆጡም፤ «ሙቀት ነው የሚያናግርህ። ትንሽ ተኛና ልብ ግዛ» አሉኝ። ሌላ ሰው ሲናደድ እንቅልፍ ያጣል፤ እኔን ደግሞ ንዴት ያስተኛኛል። ሄጄ ተጋደምኩ።

በሕልሜ መሪው ላይ ነበርኩ። ከጎኔ፣ በሻምበል ቦታ ላይ፣ ሪፖርቱ ተቀምጧል። ወረቀት ነው፤ ሁለት ገጽ፣ በስፒል የተያያዘ። ግን መለዮ አድርጓል፣ ትከሻው ላይ የኮሎኔል ማዕረግ አለ፣ ደረቱ ላይ ሦስት ማህተም ተደርድሯል። ሻምበል አስናቀው ከኋላ በርሜሎቹ መሀል ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ አልነሳም አለች።

«መንጃ ፈቃድ» አለችኝ።

አሳየኋት። መብራቷን አብርታ አየችው። «ፎቶው ላይ ትስቃለህ። አሁን ለምን አኮረፍክ?»

«ምክንያት አለኝ።»

«ይሁን። ያኮረፈ ሹፌር አያንቀላፋም» ብላ ተነሳች።

ብዙም ሳንሄድ ኬላ ላይ ደረስን። ኬላውን የሚጠብቁት ግመሎች ነበሩ። አንዲት አሮጊት ግመል አንገቷን በመስኮት አስገባችና «ጥም ይዛችኋል?» ብላ ጠየቀችን።

«የያዝነው ውሃ ነው» አልኳት።

«ውሃ አልጠየቅኩህም። ጥም ያልያዘ ሰው በዚህ አያልፍም፤ ወዴት እንደሚሄድ በምን ያውቃል?»

ምላሴን አወጣሁላት። አየችና «አንተ እለፍ» አለች። ሪፖርቱን ግን ከላይ እስከ ታች አሸተተችው።

«እኔ ደርሼ የተመለስኩ ነኝ» አለ ሪፖርቱ፣ ቆጣ ብሎ።

«መቼ ነው የደረስከው?»

«ከመነሳታችን በፊት።»

ግመሏ ማህተሞቹን አንድ በአንድ ቆጠረችና አሳለፈችው፤ ሦስት ማህተም ያለውን እሷም አትደፍርም። ብስጭቷን ሻምበል ላይ ተወጣች። አስወረደቻቸው፣ «ቱፍ» ብላ አንበረከከቻቸው፣ አንዱን በርሜል ጀርባቸው ላይ ጫነችና ከመኪናው ኋላ አስከተለቻቸው። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከኬላው አለፍ ብሎ ሦስት ጄኔራሎች አንድ ኮረብታ ይገፋሉ። ወርቃማ ማዕረጋቸው ትከሻቸውን አጉብጦታል፣ ላባቸው በአፍንጫቸው ይንጠባጠባል። አንድ ተራ ወታደር ጥላ ሥር ተቀምጦ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይላቸዋል። መኪናዋን አቁሜ ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኩት።

«ሪፖርቱ ላይ ኮረብታው ከመንገዱ በስተግራ ነው ይላል። እኛ ስናየው በስተቀኝ ሆኖ ተገኘ» አለኝ ወታደሩ።

«ታዲያ ሪፖርቱን ማስተካከል አይቀልም?»

ወታደሩ ደንግጦ ዙሪያውን አየ። «ወንድሜ፣ ቤተሰብ የለህም?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከጄኔራሎቹ አንዱ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። እጁ ግሪስ በግሪስ ነበር። ጄኔራል በግሪስ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም።

ሀርዶላ ደረስን። ዘጠኙ ሰዎች ባዶ ኩባያ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ከመኪናው ልወርድ ስል ሪፖርቱ ቀድሞኝ ወረደ። ፊታቸው ቆመ፣ ደረቱን ነፋ፣ ራሱን ማንበብ ጀመረ።

«ውሃው በተሟላ ሁኔታ ለአባላቱ ደርሷል። አባላቱም ጠጥተው ረክተዋል።»

ስምንቱ ባዶውን ኩባያ አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ዋጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ። ጉተማ ግን ኩባያውን ገልብጦ ያዘው።

«እኔ አልረካሁም» አለ።

«ረክተሃል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።»

«እኔ እዚህ ነኝ ያለሁት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አይደለሁም።»

ሪፖርቱ ወደ እኔ ዞረ። «ከሪፖርት በላይ መጠማት ከባድ ጥፋት ነው» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «የቀረው የአንተ ፊርማ ብቻ ነው። ስትፈርም ጥማቸው ይሰረዛል። ጥሙ አልሰረዝ ካለ ሰዎቹ ይሰረዛሉ።» ከደረቱ በታች ያለውን ባዶ መስመር አሳየኝ።

«አልፈርምም» አልኩ።

«የሃምሳ አለቃ ማዕረግ ስጡት» አለ ሪፖርቱ። ስምንቱ ሰዎች መጥተው ትከሻዬ ላይ ማዕረግ ለጠፉብኝ። የብረት ነው፤ ይከብዳል።

«ትፈርማለህ?»

«አልፈርምም።»

«የመቶ አለቃ።»

«አልፈርምም አልኩ እኮ።»

ሻምበል ሆንኩ፣ ሻለቃ ሆንኩ፤ እያንዳንዱ እድገት አንድ ስንዝር ወደ አሸዋው ያሰምጠኛል። ኮሎኔል ስሆን ጉልበቴ መሬት ነካ። እነዚያ ኮረብታ ገፊዎች እነማን እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ሹፌሮች ናቸው፣ አልፈርምም ያሉ። ፈራሁ፤ መፍራቴን አልደብቅም። ግን ጉተማን ቀና ብዬ ሳየው ኩባያውን አሁንም እንደገለበጠ ነው፤ እሱ ቆሞ እኔ ልፈርምበት ነው እንዴ አልኩና ንዴቴ ፍርሃቴን በለጠው።

«ጄኔራል አድርገኝ» አልኩት ሪፖርቱን። «ከፈለግክ ሚኒስትር አድርገኝ። አልፈርምም።»

በአሸዋው እየተሳብኩ በርሜል የተሸከሙት ሻምበል ጋ ደረስኩ። «ጌታዬ፣ ዝቅ ይበሉልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ያለወትሯቸው እሺ ብለው ዝቅ አሉ። ክዳኑን በሁለት እጄ አዞርኩት። ውሃው ወጣና በጉተማ ኩባያ ላይ፣ በእግሮቻችን ላይ፣ በሪፖርቱም ላይ ፈሰሰ። ቀለሙ መሟሟት ጀመረ። መጀመሪያ «ረክተዋል» የሚለው ሄደ፤ ቀጥሎ «ደርሷል» የሚለው። ኮሎኔሉ መለዮውን ጥሎ እየተጨማደደ «ሻምበል፣ በፀሐይ አስጡኝ፣ በፀሐይ አስጡኝ» እያለ ሲለምን ነቃሁ።

መኪናዋ ታጓራለች። ቀና ብዬ አየሁ። የኋላው ግራ ጎማ በክሪክ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ይሽከረከራል፤ ሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ተደርጓል። የነዳጅ መስጫው ላይም ሌላ ድንጋይ ተቀምጧል። ሻምበል አስናቀው በሩን ከፍተው፣ ቢክ እስክሪብቶ ይዘው፣ ኪሎሜትር ቆጣሪው ላይ አፍጥጠዋል። ይህን ዘዴ ሰነፍ ሹፌሮች ሲሠሩበት አይቻለሁ፤ ሻምበል ሲሠራበት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው ጌታዬ?»

ዞር ሳይሉ መለሱልኝ። «ወደ ሀርዶላ እየሄድኩ ነው። ገና ሠላሳ ኪሎሜትር ይቀረናል፤ ተኛ።»

ተነሳሁ። የነዳጁን ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩት፣ ሞተሩን አጠፋሁት፣ ክሪኩን አወረድኩት፣ ከጎማዎቹ ሥር ያለውንም ድንጋይ አንስቼ ጣልኩ። ሻምበል ከመኪናው ወርደው ቆመው ያዩኛል። መሪው ላይ ተቀምጬ ሞተሩን ሳስነሳ ነገሩ ገባቸው።

«ምን ማድረግህ ነው? አሁን ከሄድን ቆጣሪው ቆመን በቆጠረው አርባ ኪሎሜትር ይበልጣል። ከሪፖርቱ ጋር አይገጥምም» አሉኝ፤ ድምፃቸው እውነትም የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነበር።

ከጎኔ ያለውን በር ከፈትኩላቸው።

«ሁለት ጊዜ ደረስን ብለው ይጻፉ» አልኳቸው። «እኔ ለሁለተኛው እፈርማለሁ።»