ወይዘሮ ኦፌሊያ የቀበሌውን ሽንት ቤት እንደ ከበቡ

ንዌጥን እንከ፤ እንግዲህ እንጀምር። በዘመነ ኦፌሊያ ጎሌዝ፣ ንግሥተ ዓሣ ተራ፣ የዓሣ ቢላዋቸውን ከእናታቸው በወረሱ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ባላቸው ከባሕር ሳይመለስ በቀረ በዘጠነኛው፣ ከንቲባይቱም ወንበሩን ከባላቸው በተረከቡ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ ፀሐይ የፓናይ ደሴትን ቆርቆሮ ሁሉ በምታግልበት ዕለተ ዓርብ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ታላቅ ጉባኤ ሆነ። እኔም ቤንሁር፣ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ በዓይኔ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁ።

የጉባኤው ምክንያት እንዲህ ነው። የሴቶች ጉዳይ ወንበር ባዶ ነበረና፣ ደንቡም “በዚህ ወንበር የምትቀመጥ ፌሚኒስት ትሁን” ይላልና፣ ሁለት የምክር ቤት አባላት “እኔ ነኝ” ብለው ተነሡ። አንደኛይቱ ክብርት ሉዝቪሚንዳ ቱፓስ፣ የሰማያዊው ፓርቲ ዓምድ፣ ከንቲባይቱን ከእናታቸው አስበልጠው የሚወዱ፤ ተከታዮቻቸውም የቤተ ክርስቲያን መዘምራት፣ የፀጉር ቤት ባለቤቶች፣ የከንቲባይቱ ሦስት አክስቶችና ማራገቢያ የያዙ አሥራ አራት እናቶች ነበሩ። ሁለተኛይቱ ክብርት ጊልዳ ፓልማሬስ፣ ጡረተኛ መምህርት፣ የብርቱካናማው ፓርቲ መብረቅ፤ ተከታዮቻቸውም መምህራን፣ ነርሶች፣ ከኮሌጅ የመጡ ልጃገረዶችና ድምፅ ማጉያ የተሸከመች አንዲት የጥርስ ሐኪም ነበሩ።

ወይዘሮ ኦፌሊያ ግን ከየትኛውም ሠራዊት ሳይቆጠሩ በኋለኛው ወንበር ተቀምጠው ነበር። ከጎናቸውም የገበያ ጎረቤታቸው፣ አትክልት ሻጯ ሮዌና፣ ከንፈሯ አብጦ፣ በእጇ አንድ ወረቀት ይዛ። ወረቀቱ ባሏ ኤድጋር ለአሥራ አምስት ቀን ከቤቷ ደጃፍ እንዳይደርስ የሚያዝ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሌሉ ከምክር ቤቱ አባላት ማንኛቸውም ይፈርሙ ዘንድ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሊቀመንበሩም ሌሎቹን አባላት አስከትለው ማኒላ ነበሩ። ኤድጋር ባጃጁን አቁሞ ቤቱ የሚገባው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሮዌና ገና በሰባት ሰዓት ወረቀቷን ለሁለቱም ክብርታት አሳየች፤ ሁለቱም አዘኑላት፤ ሁለቱም “ወንበሩ ይወሰንና ወዲያው እፈርምልሻለሁ” አሏት፤ ቀድማ የፈረመችውን ሌላይቱ “ሳትመረጥ ሥልጣን ቀማች” እንዳትላት ፈርተው ነበርና።

ወእምዝ ክብርት ሉዝቪሚንዳ አዋጅ አስነገሩ፦ “ሴት ከንቲባ አግኝተን ያልደገፈች፣ ፌሚኒስት ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ለእናቶች የሕፃናት ማቆያ ያሠራሁ እኔ ነኝ። አገራችን ያልፈቀደችውን፣ ቤት የሚያፈርስ የፍቺ ሕግ የምትለምን ግን የሴት ጠላት ናት።”

ክብርት ጊልዳም አዋጁን በአዋጅ መለሱ፦ “ከንቲባይቱ ወንበሩን ያገኙት ባላቸው ስለደከማቸው ነው። ከባል ወደ ሚስት የዞረ ወንበር የሴቶች ድል ከተባለ፣ ባሌ የሰጠኝ ፒጃማም አብዮት ነው። ፍቺ እየከለከለች ፌሚኒስት ነኝ የምትል ካለች ደግሞ እኔም ጳጳስ ነኝ።”

“ጳጳስማ ብትሆኚ ስብከትሽ ባጠረልን” አለች ከሰማያዊዎቹ አንዲቱ።

እንዲህም እያሉ ሦስት ሰዓት ተዋጉ። መነኩሲት ፌሚኒስት ትሆናለች ወይስ አትሆንም? ለባሏ ሸሚዝ የምትተኩስስ? ተኩሳ የምትማረርስ? የከንቲባይቱ አክስትስ ያለ ማመልከቻ ትቆጠራለች? የአዳራሹ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተበላሽቶ ነበርና ሁሉም የሎሚ ጭማቂ በባልዲ እየተቀዳ ጠጡ፤ ከሁሉም አብልጠው የጠጡት፣ ከሁሉም አብልጠው የተናገሩት ሁለቱ ክብርታት ነበሩ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሮዌና ወረቀቷን አጠፈች። “ልሂድ እትዬ ኦፌሊያ። ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፤ እሱ ቀድሞኝ ከገባ ይብሳል።”

“ወረቀቱን ስጪኝና ቁጭ በይ” አሏት።

ያን ጊዜ ተነሡ፤ ምክር ሳይጠይቁ፣ ነጋሪት ሳያስጎስሙ ወደ ሽንት ቤቱ ዘመቱ። በአዳራሹ የሚሠራው አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላው የሁለቱ ፓርቲዎች ያለፈ ምርጫ ፖስተር ተቃቅፎ ከታጨቀበት ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ቁልፉን ከምስማሩ አወረዱ፣ በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን በሽርጣቸው ኪስ ከተቱ፣ የፕላስቲክ ወንበር ስበው በደጁ ተቀመጡ፣ ወረቀቱንና አንድ እስክሪብቶም ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ተራ ሴት ሁሉ፣ ሰማያዊም ብትሆን ብርቱካናማ፣ ስትመጣ እየከፈቱ አሳለፉ። የከበቡት ሁለቱን ብቻ ነበር።

አስቀድመው የመጡት ክብርት ጊልዳ ናቸው።

“ኦፌሊያዬ፣ ቁልፉን።”

“ይኸው። ፊርማሽስ?”

“ውይይት ላይ ነን እኮ።”

“አውቃለሁ። እኔም ቁልፍ ላይ ነኝ።”

ክብርት ጊልዳ ሕግ ጠቀሱ፤ ሰብአዊ መብት ጠቀሱ፤ ከዚያ አንድ እግራቸውን በሌላው ላይ አጣምረው መጥቀሱን ተዉት። ወዲያው ክብርት ሉዝቪሚንዳ ደረሱ፤ ፈጠን ፈጠን ይሉ ነበር።

“አንቺ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?” አሏቸው ጊልዳን።

“ወረፋ ይዣለሁ።”

“ፈርመሽ ነው?”

“እኔ ብፈርም ደስ ይልሽ ነበር አይደል፣ በኋላ እኔን ልትከሺኝ።”

“ተጨቃጨቁ” አሉ ወይዘሮ ኦፌሊያ፣ “እኔ አልቸኩልም። እኔ ሽንት ቤት ጠዋት ገብቼ ነው የመጣሁት።”

ሁለቱ ተያዩ። በቧንቧው ውስጥ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ያም ድምፅ ከሦስት ሰዓት ንግግር ይልቅ አሳመናቸው። ክብርት ሉዝቪሚንዳ እስክሪብቶውን ነጠቁ፤ ክብርት ጊልዳም በታሪክ እንዳይቀደሙ እጃቸውን ከሉዝቪሚንዳ እጅ በላይ ሰደዱ፤ ፊርማዎቻቸውም እንደ ሁለት ሸርጣን ተያያዙ። ማን ቀድማ ትግባ የሚል አዲስ ክርክር ሲነሣ፣ ወይዘሮ ኦፌሊያ “በዕድሜ” ብለው ፈረዱ፤ ሁለቱም ዕድሜያቸውን አልናገር ብለው ጥቂት ከተሰቃዩ በኋላ ጊልዳ ታላቅነታቸውን አመኑ።

የቀበሌው አራት ዘበኞች ወረቀቱን ይዘው ከሮዌና ጋር ሄዱ። ኤድጋር ሲመጣ በሩ ላይ አነበቡለት፤ እሱም የሚያዋጋውን ዶሮ በብብቱ ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ሮዌናም ለልጆቿ ሩዝ ቀቀለች።

ጉባኤው ግን አልተበተነም ነበር። ከሽንት ቤት የተመለሱት ክብርታት በአንድ ድምፅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ፦ “ሴትን ከሽንት ቤት የከለከለች ሴት ፌሚኒስት ተብላ ልትቆጠር አትችልም።” ሰማያዊው እጁን አወጣ፤ ብርቱካናማውም አወጣ። ቀበሌው ከተቆረቆረ ጀምሮ ሁለቱ ባንድነት እጅ ሲያወጡ ያን ቀን ብቻ አየሁ። በገዛ እጄም መዘገብሁት። ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

በማግስቱ ዓሣ ተራ ሄጄ ውሳኔውን አነበብሁላቸው።

“ሁሉም እጁን አወጣ?” አሉኝ።

“ሁሉም፣ እትዬ።”

“ሉዝም? ጊልዳም?”

“ሁለቱም።”

“እንግዲህ ተስማሙ ማለት ነው” አሉና የዓሣውን ቅርፊት መፋቃቸውን ቀጠሉ።

ክብር ለኦፌሊያ ጎሌዝ፣ ያለ ጦር ለዘመተች፣ ያለ ንግግር ለረታች፣ ሁለት ፓርቲ በአንድ ወረቀት ላይ ላስፈረመች፤ ስሟ ከፌሚኒስቶች መዝገብ በሙሉ ድምፅ ለተሰረዘ፣ በአትክልት ተራ ግን ሮዌና ደንበኛ ሁሉ እየሰማ “ፌሚኒስቷ” ብላ ለምትጠራት። ዕድሜዋ ይርዘም፤ ጠላቶቿንም እስኪፈርሙ ድረስ ሽንት ያጣድፋቸው።