ፈተናሽ እስኪያልቅ

በአርባ ዓመቴ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ልማር ነው ብላችሁ እስቲ እኛ ሰፈር፣ አቲቆት ውስጥ ተናገሩ። ጎረቤት መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ያያችኋል፤ ቀጥሎ ጤንነታችሁን ይጠይቃል። ነርስነት ቢሆን ይገባዋል፣ ሒሳብ አያያዝ ቢሆን ይመርቃል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ የምትውል የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት፣ ተረት ለማንበብ ብላ ከሥራ መልስ አውቶቡስ እየጠበቀች ኮሌጅ ስትመላለስ ግን ምን ይባላል? «ስትጨርሺ ምን ትሆኛለሽ?» ይሉኛል። «አንባቢ» እላለሁ። «ማንበብማ ትችያለሽ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። እኔም የምችል መስሎኝ ነበር።

ኮሌጁን እዚህ ሁላችንም በዕብራይስጡ ሚኽላላ ነው የምንለው። የክፍል ጓደኞቼ ከሠራዊት ወጥተው፣ ዓለምን ዞረው፣ ደክሟቸው የመጡ ልጆች ናቸው። እኔም ደክሞኝ ነው የምመጣው፣ የመጣሁት ግን አፍሪዳር ሰፈር ካለው መዋዕለ ሕፃናቴ ነው። መምህራችን ገና በመጀመሪያው ቀን «የተጻፈውን ማንም ያነባል፤ እናንተ ያልተጻፈውን አንብቡ» አለችን። ይቺን ነገር ወደድኳት። ድርሰት ስንጽፍም እሷኑ ይዤ ስለ ወንድም ጋሼ ጻፍኩ፤ ጥሩ ነው ተባልኩ።

ወንድም ጋሼ ጎንደር የቀረው ታላቄ ነው። እኔና እማዬ ወደዚህ አገር ስንመጣ ፈቃድ ሰጪዎቹ እሱን ተራህን ጠብቅ አሉት፤ ጠበቀ። አግብቶ ጠበቀ፣ ወልዶ ጠበቀ፣ ሸብቶ ጠበቀ። እስከዚያው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ኤ ቢ ሲ ዲን ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ ኮሌጅ ሳልመዘገብ ስቀርም ዓመት ሙሉ የጨቀጨቀኝ እሱ ነው። እናም ከትምህርት በወጣሁ ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ የዕለቱን ታሪክ በአማርኛ እየተረኩ በስልክ ድምፄን እልክለታለሁ። የሚመልስልኝ አንድ ቃል ነው። «ከዚያስ?»

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ተውኔት ተማርን። የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አባወራው ብቻ አያውቅም። ይበላል፣ ይስቃል፣ ይፎክራል፤ ተመልካቹ ነው የሚጨነቅለት። እስከ ግማሹ ተረኩለት። «ከዚያስ?» አለኝ። በበነጋታው የቀረውን ላክሁለት። አልተከፈተም። ደግሜ ላክሁ፣ መጨረሻውን ጭምር፤ እሱም አልተከፈተም። ባሌ ፋሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «የጎንደር ኔትወርክ ነው» አለኝ። ኔትወርክ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል?

እናንተ ገብቷችኋል። አንባቢ ስትሆኑ ቶሎ ይገባችኋል።

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ሌላ ወሬ አፍ እንዳመጣ አይነገርም። ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትገላገል፣ የታመመም እስኪያገግም ይጠበቃል፤ ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነግረው። እዚህ አገር ደግሞ አንድ ተጨመረበት፤ ሚቭኻን፣ ፈተና ማለት ነው። ልጅ ፈተና ላይ ከሆነ ሞት ራሱ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ይህን ደንብ አሳምሬ አውቀዋለሁ። በሌላ ሰው ላይ ሲፈጸም ስንት ጊዜ አብሬ ደብቄአለሁ።

ያን ሰሞን ታዲያ ፋሲል ሰሃን ማጠብ ጀመረ። በትዳር ዘመናችን ሰሃን ነክቶ የማያውቅ ሰው! ለትምህርቴ አስቦ ነው ብዬ መረቅሁት። የሙዚቃ ድምፅ ከቤታችን ጠፋ፤ እንዳጠና ነው አልኩ። ጎረቤት ብቅ እያለ፣ ምግብ አስቀምጦ፣ ዓይን ዓይኔን አይቶ ይወጣል፤ ለካ ሰው ትምህርት ይወዳል አልኩ። ልጄ ሺራ አማርኛ ሲናገሯት በዕብራይስጥ የምትመልስ ናት። የፈተናው ቀን ግን በር ድረስ ሸኝታኝ፣ አቅፋኝ ቆየችና «አይዞሽ» አለችኝ። በአማርኛ። ይህንንም አነበብኩና አለፍኩት።

ፈተናው ላይ ያ ተውኔት መጣ። ባለታሪኩ የማያውቀውን ተመልካች ማወቁ ምን ይፈጥራል? ተንትኑ ይላል። ተነተንኩ እንጂ! ይሄ ሰው ዓይን የለውም ወይ፣ ሚስቱ ፊቷን ስታዞርበት አያይም ወይ፣ ቤቱ ዝም ሲል አይሰማውም ወይ እያልኩ አብጠለጠልኩት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ በር ተንኳኳ። ስከፍት አባባ ታምሩ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ ጎረቤት። አንድም ቃል ሳይናገሩ ሰሃኑም፣ ሙዚቃውም፣ አይዞሽም ባንድ ጊዜ ተነበበልኝ። ወንድም ጋሼ የተውኔቱ ግማሽ በደረሰው ቀን ልቡ ቀጥ ብሎ ሞቷል። እኔ መጨረሻውን ስልክለት እሱ ተቀብሯል። ጮህኩ፤ ያዙኝ።

ሰባቱን የሐዘን ቀን የተቀመጥነው በፋሲል እኅት ቤት ነው። ምክንያቱም እዚያው አጠገባችን የምትኖረው እማዬ መስማት የለባትም ተባለ። ልቧን ታማለች፣ ሕክምናዋን እስክትጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ሲሉ ሽማግሌዎቹ አስጠነቀቁ። እኔን ለምን ጠፋች ብትል ጥናት ላይ ናት ተባለላት። ትናንት ታላቅ ወንድሜን የደበቁኝን ሰዎች ዛሬ እኔው አብሬያቸው ከገዛ እናቱ ደበቅሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሰባቱ እንዳለፈ ውጤቱ መጣ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። በዚያው ቀን ጥቁሬን አውልቄ፣ ቀይ ሻሽ አስሬ፣ ፊቴን ታጥቤ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። ከስታለች። ከመድኃኒቱ ነው አልኩ።

«ፈተናሽ አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ፣ እማዬ።»

«የቀረሽ የለም?»

«የለም። ውጤቱም መጥቷል፣ አንደኛ ወጥቻለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። ከትራሷ ሥር ነጠላዋን አውጥታ ወገቧን አሰረች። አጠገቤ ተቀምጣ ሁለት እጄን ያዘችኝ። «ልጄ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ» አለች። «ወንድምሽ የለም። ምራቴ የዚያኑ ዕለት ደውላልኝ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። እኔ ካለቀስኩ ጎረቤት ይሰማል፣ ጎረቤት ከሰማ አንቺ ትሰሚያለሽ፤ ፈተናሽ እስኪያልቅ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ቀን እዚያች ክፍል ውስጥ፣ አፏን በትራስ አፍና፣ ልጇን ብቻዋን ስታለቅሰው ከርማለች። እኛ ደግሞ ማዶ ተሰብስበን፣ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ስናለቅሰው።

ሰምቻለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ለእኔ ብላ እዚህ ድረስ ተሸክማ ያደረሰችውን እንዴት ብዬ ልንጠቃት? ቀዩን ሻሽ ፈታሁና እንደ አዲስ ሰማኋት። ማስመሰል አላስፈለገኝም።